ቀን አይገመትም

ፎዚያ መሞቷን የሰማሁት በስልኬ በገባ መልእክት ነው። የላከው ታናሽ ወንድሟ አብዲ ነው፤ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የሚገባና የሚወጣ ጭነት ይመዘግባል። «እህታችን ፎዚያ የካቲት 28 አዲስ አበባ ሆስፒታል ወደ አኼራ ሄዳለች። እዚያው ተቀብራለች። ሰደቃ 7/8 ከዙሁር በኋላ እናታችን ቤት» ይላል።

ማንም ሳያነብልኝ ራሴ አነበብኩት። ይህን የምለው ለጉራ ነው። ፊደል የቆጠርኩት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ወረቀት በመጣልኝ ቁጥር ጎረቤት ደጅ ቆሜ «እባክህ፣ ምን ይላል?» የምል ሰው ነበርኩ።

7/8። ሚያዝያ ሰባት፣ አልኩ። በጣቴ ቆጠርኩ፤ ከየካቲት 28 እስከ ሚያዝያ 7 ልክ አርባ ቀን። አርባዋ ነው፣ አልኩ። ሒሳቡ ገጠመ። ለቅሶ ወዲያው መድረስ ነበረብኝ፤ አልደረስኩም። ቀኑ እስኪመጣ ብዬ ተደበቅሁ። በዚያ ቀን ለእናቷ የምናገረው አንድ ነገር ነበረኝ። ፎዚያ በሕይወት እያለች አምስት ዓመት ሙሉ ልነግራት ያልደፈርኩት ነገር ነው።

ሰው ሲሞት ደግ ነበረ ይባላል። እኔ አልልም። ፎዚያ ደግ አልነበረችም፤ ልክ ነበረች። ደግ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ አብዛኞቹ ለራሳቸው ነው ደግ የሚሆኑት። ልክ የሆነ ሰው ግን እሷን ብቻ ነው ያየሁት።

የተገናኘነው እዚሁ ድሬዳዋ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ውስጥ ነው። ስሙን አልጠራም። እኔ ተላላኪ ነበርኩ። ከዚያ በፊት ከፊራ በሚባለው ገበያ ሸክም ስሸከም ኖሬ ወገቤ ሲከዳኝ ነው የገባሁት። ካርድ የማገኘው በንባብ አልነበረም፤ በእድፉ ነው። ሻይ የፈሰሰባት የሐሊማ፣ ጥጓን አይጥ የበላት የአቶ ታደሰ። ጸሐፊዎቹ ይስቁብኛል። ማታ ማታ የጎልማሶች ትምህርት ቤት ገብቼ ሀ ሁ ስል ደግሞ የባሰ ሳቁ።

ፎዚያ የመጣችው ካርዱን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ልታስገባ ነው። አባቷ ሶማሌ፣ እናቷ ኦሮሞ፣ ትምህርቷ አዲስ አበባ፣ ምላሷ ድሬ። ቀጭን ረጅም ሴት ነበረች፤ ሠላሳዎቹን አጋምሳለች። የመጣች ዕለት ጫማዋን አውልቃ ባዶ እግሯን ሲሚንቶው ላይ አሳረፈችና «አቦ፣ ይሄ ክፍል ነው ወይስ ፉርኖ ቤት?» አለች። ከዚያ ሻሿን ወደ ኋላ ወርውራ ተቀመጠች። እስከ ማታ አንድ ሰዓት አልተነሳችም።

ሥራው ቀላል ይመስል ነበር። በሽተኛው መቼ መጣ፣ መቼ ይመለሳል፣ ይኸው ነው። ኮምፒውተሩ ቀጠሮው ያለፈበትን ሰው ስም ያወጣል፤ ከዚያ አንድ ሰው ይደውላል፣ ስልክ ከሌለው ቤቱ ይሄዳል። የሳንባ በሽተኛ መድኃኒቱን ካቋረጠ ይሞታላ። ጣጣው ቀኑ ነበር። በዚያ ካርድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ቀን አይጽፍም። አንዱ «ኅዳር 3» ይላል። አንዱ «3/3/12» ይላል። አንዱ በግዕዝ ቁጥር ይጽፋል። አንዱ በፈረንጅ አቆጣጠር ይጽፍና ዓመቱን በእኛ ያደርገዋል። «ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀር» የሚል ካርድ አለ። «የገብርኤል ማግስት» የሚል አለ። የትኛው ገብርኤል?

ሁለቱ ጸሐፊዎች እየተፈራረቁ ያነቡላታል፤ እሷ ትጽፋለች። ግማሽ ቀን እንደሠሩ አቆመቻቸው። ዘወር ብላ እኔን አየችኝ።

«ወርያ፣ አንተ። ና ይሄን አንብብልኝ።»

«እኔ ገና ነኝ» አልኳት።

«ስምህ ማነው?»

«ተሾመ።»

«ተሼ፣ እኔ የምፈልገው ገናነትህን ነው። አንብብ።»

በአውራ ጣቷ ሌላውን ቁጥር ሸፍና አንዷን ብቻ አሳየችኝ። ላብ አጠመቀኝ። «ሦስት» አልኩ። ጣቷን አንሸራተተች። «ሰረዝ።» ደግሞ አንሸራተተች። «አንድ። ወይም ሰባት። አላውቅም።»

ጸሐፊዎቹ ከት አሉ። እሷ አልሳቀችም። «ሰማችሁ?» አለቻቸው። «አላውቅም አለ። እናንተ ጠዋቱን ሙሉ አንዴ እንኳ አላውቅም አላላችሁም። ዲግሪና ዲፕሎማችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ሻይ ጠጡ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንባቢዋ እኔ ሆንኩ። ዕድሜ ልኬን ባለማወቄ ስሰደብ ኖሬ፣ ባለማወቄ የተፈለግሁት ያኔ ብቻ ነው። «ፊደል የጠገበ ሰው የተጻፈውን አያነብም» ትለኝ ነበር። «ይጻፋል ብሎ የጠበቀውን ነው የሚያነበው። አንተ ግን እያንዳንዷን ጭረት ታያለህ። እንዳትለምድ።»

ፕሮግራሟን እንዴት እንደምትጽፈው ብዙ አይገባኝም ነበር፤ የሚሠራው ግን ገብቶኛል። የተጻፈውን ቀን ይቆራርጠዋል። ቀኑን ለብቻ፣ ወሩን ለብቻ፣ ዓመቱን ለብቻ ያወጣል። በአንድ መንገድ ብቻ የሚነበብ ከሆነ ይቀበለዋል። 25/4 ከሆነ ሃያ አምስተኛ ወር ስለሌለ ታኅሣሥ 25 ነው፣ አለቀ። በሁለት መንገድ የሚነበብ ከሆነ ግን ቀይ ያደርገዋል። ቀዩን እኛ እንጠይቃለን። የጻፈውን ነርስ እንፈልጋለን፣ ካጣነው በሽተኛውን። በሽተኛው ቀኑን ካላወቀ ቤቱ የቀረውን ክኒን እንቆጥራለን፤ ክኒን አይዋሽም።

«ቀን አይገመትም፤ ይጠየቃል» ትላለች። በቀን አሥር ጊዜ ትለዋለች። ሰለቸኝ።

መጀመሪያ ሰሞን ኮምፒውተሩ ጳጉሜን አልቀበልም አለ። 3/13 ስትሰጠው እንዲህ የሚባል ወር የለም ይላል። በአፍንጫዋ ሳቀች። አሳሳቋ እንደዚያ ነበር፣ እንደሚያነጥስ ሰው። «የተሠራው በፈረንጅ ነዋ። ጳጉሜን የተወለደ ሁሉ ለዚህ ማሽን አልተወለደም።»

«እኔም የጳጉሜን ልጅ ነኝ» አልኳት።

«ያው ነው፣ የለህም። ደሞዝህን ማን እንደሚወስደው እንጃ።» ከዚያ እስክታስተካክለው ምሳ አልበላችም።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ በላይነህ ይባላል። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይሠራም፤ እሱ ግን ከደጋ የመጣ ስለሆነ አንቱ መባል ይወዳል። እሷ አንተ ትለዋለች። በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ከበላይ ጎብኚዎች ሊመጡ ሆነና ሊያይ ገባ። ስክሪኑ ላይ ገና ሁለት ገጽ የሚሞላ ቀይ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው? ስክሪኑን ደም በደም አደረግሽው እኮ!»

«ያልተጠየቁ ቀኖች ናቸው።»

«ለእንግዶቹ ምን ልበል? አናውቅም ልበል?»

«አዎ። አናውቅም በል። እውነት ነው።»

«ስሚ ፎዚያ፣ ሰው ሁሉ ቀን ያስቀድማል፣ ወር ያስከትላል። ይህን ለማወቅ ምርምር አያስፈልግም። ፕሮግራሙ እንደዚያ ብሎ ይገምት።»

«ሰው ሁሉ አያስቀድምም። ከሌላ ቦታ በውሰት የመጣው ነርስ ወር ነው የሚያስቀድመው፤ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«አንድ ነርስ ነው!»

«አንድ ነርስ ስንት በሽተኛ ያያል?»

ሦስት ቀን እንዲህ ተጨቃጨቁ። በአራተኛው ቀን ውልሽን አላድስም አላት። እናቷ የኩላሊት ታማሚ ናት፤ ቤቱን በደሞዟ የምትይዘው ፎዚያ ናት። ከሰዓት በኋላ ተቀምጣ ፕሮግራሙ ላይ «ቀን ይቀድማል» የሚል አንድ መስመር ጻፈች። አጠገቧ ነበርኩ። ቀዩ ሁሉ ባንዴ ነጭ ሆነ። ፊቷን አላዞረችም። «አየህ ተሼ» አለች፣ «ኮምፒውተር ውሸታም አይደለም። ታዛዥ ነው። ውሸታሟ እኔ ነኝ።»

ጎብኚዎቹ መጡ፣ አጨበጨቡ፣ ውኃ ጠጡ፣ ሄዱ። መስመሩን ላጥፋው ስትለው አቶ በላይነህ ነጭ እንደሆነ ይቆይ አለ። እሷም አስቀድማ ቀዮቹን በወረቀት አትማቸው ነበርና ሁለቱን ገጽ ለእኔ ሰጠችኝ። «ከእንግዲህ ፕሮግራሙ ያንተ እግር ነው። እያንዳንዱን ጠይቅ። የጠየቅከው ላይ ራይት አድርግ። የነገሩህን እኔ አስገባለሁ። ያልጠየቅከው ላይ ምንም አታድርግ፣ እሺ? ምንም።»

ሁለት ሳምንት ዞርኩ። ሳቢያን፣ መጋላ፣ ለገሃሬ። ሰው ቤት ገብቼ ክኒን ቆጠርኩ። እየኮራሁ ነበር፣ አልዋሽም። ሸክም ያሸክሙኝ የነበሩ ነጋዴዎች ወረቀት ይዤ ሲያዩኝ «አቶ ተሾመ» ማለት ጀመሩ። ንባቤም ፈጠነ። ጣት አያስፈልገኝም፤ አንዴ አይቼ አልፋለሁ።

የመጨረሻዎቹ ሦስት ስሞች ከከተማው ውጭ፣ ዋሂል ነበሩ። ቅዳሜ በሚኒባስ ሄድኩ። ሁለቱን አገኘኋቸው። ሦስተኛዋ አሻ የምትባል ሴት ናት፤ ቤቷ ከደረቁ ወንዝ ማዶ፣ አንድ ሰዓት በእግር ነው አሉኝ። ፀሐይዋ ትቀቅላለች። ወገቤ ያቃጥለኛል። መመለሻው ሚኒባስ ደግሞ ይሞላል። ወረቀቱን አየሁት። ቀጣይ ቀጠሮ 4/5። ይሄማ ምን ያጠያይቃል፣ አልኩ። ሰው ሁሉ ቀን ያስቀድማል። ጥር አራት ነው። ሚኒባሱ መስኮት ላይ ወረቀቱን አስደግፌ ራይት አደረግሁ። ሰኞ ስትጠይቀኝ «የአሻ ጥር አራት ነው» አልኳት። አስገባችው።

ይኸው ነው። ሌላ ሰበብ የለኝም።

ጥር አራት ቀን ጠዋት አንድ ሽማግሌ ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ቆመ። ሽርጥ ታጥቋል፤ እግሩ እስከ ጉልበቱ አቧራ ነው። ኡመሬ እባላለሁ አለ። በላስቲክ የተጠቀለለ የቀጠሮ ወረቀት አወጣና በሁለት እጁ ዘረጋልኝ።

«ቀጠሮ ዛሬ ነው። ጥር አራት» አለ። አማርኛው የተሰባበረ ነው። «ወረቀት እንደዚህ ይላል። ልጄ አሻ ግን መምጣት አልቻለችም። ቀበርናት።»

ፎዚያ ከውስጥ ሰምታ ባዶ እግሯን ወጣች። በኦሮምኛ ጠየቀችው፤ እሱም በኦሮምኛ መለሰላት። እኔም ገበያ ስኖር የለመድኩትን ያህል እሰማለሁ። ክኒኗ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ አለቀ። ወረቀቱን ባለሱቁ አነበበላቸው፤ ጥር አራት ነው አላቸው። አሻም «ሐኪም ያውቃል፤ እስከዚያ ትረፍ ብሎ ነው» አለች። ሳሉ ተመለሰ። ደም መጣ። ጥር አራት እስኪደርስ ልጠብቅ አለች። አልደረሰም።

«ታዲያ ለምን ዛሬ መጣህ?» አለችው ፎዚያ።

«ቀጠሮ አይቀርም» አለ ሽማግሌው። «ካርዷን ልመልስ ነው።»

ፎዚያ የመድኃኒት መስጫውን መዝገብ ከፈተች። ያ በውሰት የመጣው ነርስ የሰጣት ክኒን የሚያደርሰው እስከ ታኅሣሥ 5 ነው። አራተኛው ወር፣ አምስተኛው ቀን። ወር አስቀድሞ ነበር። ኮምፒውተሩ ግን እሷ የጻፈችውን መስመርና እኔ የነገርኳትን ይዞ፣ ይቺ ሴት ገና ነች እያለ አንድ ወር ሙሉ ዝም አለ። ቀጠሮ ያለፈባቸው ሰዎች ዝርዝር ላይ ስሟ አልወጣም። ማንም አልፈለጋትም።

ከዚያ የእኔን ሁለት ገጽ ከመሳቢያዋ አወጣች። ራይቷን አየች። ወደ እኔ ቀና አለች።

«ተሼ። ክኒኗን ቆጥረህ ነበር?»

«ቆጥሬ ነበር» አልኳት።

አየችኝ። ኅዳር ላይ ክኒኑን የቆጠረ ሰው ጥር አራት እንደማያደርስ ያውቃል። እሷም ያንን ታውቃለች። እኔም ማወቋን አውቄያለሁ። ወረቀቱን ለሁለት አጠፈችው፣ ደግማ ለአራት አጠፈችው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችኝም። ምነው በጥፊ ባለችኝ።

በማግስቱ ስብሰባ ተጠራ። አቶ በላይነህ ላብ አስምጦት «ይህ ስህተት ከየት መጣ?» አለ፣ ከየት እንደመጣ የማያውቅ ይመስል። እኔ ጥግ ላይ ቆሜያለሁ።

«መስመሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች ፎዚያ።

«ተጠይቆ ነበር ወይስ አልተጠየቀም? ዝርዝር ነበር አይደል?»

«ዝርዝሩ ጠፍቷል።»

በሕይወቷ የዋሸችው ሁለት ጊዜ ነው እላለሁ። አንዱን ለአቶ በላይነህ ብላ፣ አንዱን ለእኔ ብላ። መስመሩን የጻፈችው አስገድጃት ነው ይላል ብዬ ኃላፊውን ጠበቅሁ፤ አላለም። ምናልባት እሱም እኔን ይጠብቅ ይሆናል። ሁለት ወንዶች ተፋጠን ዝም አልን፤ አንዲት ሴት ጫማዋን አድርጋ ወጣች። በር ላይ ስትደርስ ለጸሐፊዎቹ «ተሼ ይቆይ። ጥሩ ያነባል» አለች። ስድብ ይሁን ምርቃት እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ከዚያ ወዲህ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ጽሕፈት ቤት ቢጤ ከፍታ ማመልከቻ ትጽፍ ነበር። አንዳንዴ ከባጃጅ ስወርድ ታየኛለች። እጇን ታነሳልኛለች፤ በአውራ ጣቷ አየሩ ላይ አንድ ነገር እንደምትሸፍን ታደርጋለች፣ አንብብ እንደማለት። እኔ አቀርቅሬ ጥላ ያለበትን ማዶ ይዤ አልፋለሁ። አምስት ዓመት እንዲህ አለፍኩ። የእናቷ በሽታ ለእሷም ተርፎ ኖሮ ኩላሊቷ ደከመ ሲባል ሰማሁ። አዲስ አበባ ሄደች ሲባል ሰማሁ። እስክትመለስ ልጠብቅና ሄጄ እነግራታለሁ አልኩ። ይሄም ግምት ነው።

ሚያዝያ ሰባት ቀን ነጭ ሸሚዜን ለበስኩ። ከዙሁር ሶላት በኋላ ባጃጅ ይዤ እናቷ ቤት ደረስኩ። ድንኳን የለም። ጫማ የተከመረበት ደጅ የለም። በሩን ስመታ አብዲ ከፈተ፤ ከሥራ ገና መመለሱ ነው፣ የፓርኩን መታወቂያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል።

«ጋሽ ተሾመ? ግባ፣ ግባ።»

«ሰደቃው…»

«ሰደቃው?» ግራ ገባው። «ካለፈ ወር ሆነው እኮ። መጋቢት ስምንት ነበር። ከአዲስ አበባ እንደተመለስን።»

«ሰባት ስምንት ነው የጻፍከው።»

«አዎ። ሰባተኛው ወር፣ ስምንተኛው ቀን። እኛ ፓርክ ውስጥ የፈረንጆቹ ማሽን እንደዚያ ስለሚፈልግ ወር ማስቀደም ለምዶብኝ…» ራሱን አከከ። «ብዙ ሰው ግራ ገብቶት ደውሎ ጠየቀኝ፣ ወላሂ። አንተ ስትቀር ጊዜ ሥራ ይዞት ነው አልን።»

እናቱን ጠየቅሁት። ታላቅ እህቱ ጅግጅጋ ወስዳታለች፤ ሰውም አትለይም አለኝ። የፎዚያን ዕቃ ለድሃ ሰጥተውታል፣ ወረቀቷን አቃጥለውታል።

በሩ ላይ እንደቆምኩ ነገርኩት። አምስት ሳምንት የተለማመድኩት ሁሉ ጠፍቶብኝ «የአሻን ክኒን አልቆጠርኩም» አልኩ። «ቆጥሬያለሁ ያልኳት ዋሽቼ ነው።»

አብዲ አየኝ። ፀሐይ የመታኝ መስሎት ይሆናል። ውኃ ሊያመጣ ዞረና መልሶ ቆመ።

«አሻ ማናት?» አለ።

ለቤቷ እንኳ አልነገረችም።

ውኃውን ሳልጠጣ ወጣሁ። ባጃጅ አልያዝኩም፤ እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ፣ ዋሂል ላይ የፈራሁትን አንድ ሰዓት። ስልኬን አውጥቼ መልእክቱን ደግሜ አየሁት። በአውራ ጣቴ ሸፍኜ አነበብኩት። ሰባት። ሰረዝ። ስምንት። ከዚህ ሌላ ምንም አይልም። ሚያዝያ አይልም፣ አርባ አይልም። የቀረውን የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ ፊደል የቆጠርኩት ሰውዬ። ያ ማንበብ የማይችለው ተሾመ ቢሆን ኖሮ ስልኩን ይዞ ጎረቤት ደጅ ይቆም ነበር። «እባክህ፣ ምን ይላል?» ይል ነበር።